ዶንካስተር፦ ከንቲባዋ ከሌበር፣ ምክር ቤቱ ከሪፎርም (ጥያቄና መልስ)

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2025 የዶንካስተር ነዋሪ ሁለት የድምፅ ወረቀት ተቀብሎ ገባ። አንዱ ለከንቲባ፣ ሌላው ለካውንስል (ለከተማዋ ምክር ቤት) አባላት ነበር። ከንቲባነቱ ለሌበር (ለሠራተኛው ፓርቲ) ወጣ፤ ካውንስሉን ደግሞ ስደት በጥብቅ ይገደብ የሚለው የቀኝ ክንፍ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ ጠራርጎ ወሰደው። በሰሜን እንግሊዝ በምንኖር ሐበሾች መካከል ስለዚህ ውጤት ብዙ ተወርቷል፤ ግማሹ ወሬ ግን ከፍርሃት የመጣ ነው። የምኖረው እዚሁ ሳውዝ ዮርክሻየር ነው፤ የካውንስል ምርጫንም በቅርብ ስለምከታተል የምታነሡትን ሁሉ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ቁጥሩን ንገረን። ማን ስንት አገኘ?

ለከንቲባነት የሌበሯ ሮዝ ጆንስ 23,805፣ የሪፎርሙ አሌክሳንደር ጆንስ 23,107፣ የኮንሰርቫቲቩ ኒክ ፍሌቸር 18,982 ድምፅ አገኙ። በአንደኛዋና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት 698 ድምፅ ብቻ ነው። ከካውንስሉ 55 ወንበሮች ሪፎርም 37፣ ሌበር 12፣ ኮንሰርቫቲቭ 6 ወሰዱ። ከዚያ በፊት ሌበር በዚያው ምክር ቤት ከ40 ያላነሱ ወንበሮች ነበሩት።

ጥያቄ፦ ያው ሕዝብ በያው ቀን እንዴት ሁለት የተለያየ ፍርድ ይሰጣል? ለእኔ አልገባኝም።

ብዙ ሰው የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ መጥቶ ነው።

ሮዝ ጆንስ ከ2013 ጀምሮ ከንቲባ ናቸው። ሰው ያውቃቸዋል። በኖቬምበር 2022 የተዘጋውን የዶንካስተር ሼፊልድ አውሮፕላን ማረፊያ መልሼ አስከፍታለሁ ብለው ሲታገሉ ቆይተው በ2024 ካውንስሉ ቦታውን በረጅም ጊዜ ኪራይ ያዘው። በዚያ ላይ ለንደን ያለውን የራሳቸውን ፓርቲ መንግሥት በግልጽ ተቹ፤ የጡረተኞች የክረምት ማሞቂያ ድጎማ መቀነሱን፣ አሠሪዎች የሚከፍሉት ናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ) መጨመሩን ስህተት ነው አሉ። በሌበር የተናደደ ሰው ለእሳቸው ድምፅ ለመስጠት ምክንያት አገኘ። በየዋርዱ (በከተማዋ የምርጫ ክልሎች) የቆሙት የሌበር ካውንስለሮች (የካውንስል ዕጩዎች) ግን ይህ ስም አልነበራቸውም፤ የፓርቲው አርማ ይዞአቸው ወረደ።

ሁለተኛው፣ ሌበርን የማይፈልገው ድምፅ በከንቲባው ምርጫ ለሁለት ተከፈለ። ሪፎርምና ኮንሰርቫቲቭ ያገኙትን ደምሩት፤ 42,089 ይመጣል። ሮዝ ጆንስ ያሸነፉት ተቃዋሚዎቻቸው ስለተከፋፈሉ ጭምር ነው።

ሦስተኛው የዋርዱ አቆጣጠር ነው። ዶንካስተር በ21 ዋርዶች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ካውንስለር ይመርጣል። መራጩ ወንበሩ በሆነው ልክ ድምፅ አለው፤ ሦስት ወንበር ካለ ሦስት ምልክት ያደርጋል። አብዛኛው ሰው ሦስቱንም ለአንድ ፓርቲ ስለሚሰጥ በትንሽ ልዩነት የቀደመ ፓርቲ ሦስቱንም ወንበር ጠቅልሎ ይሄዳል። 55 ውስጥ 37 ማግኘት ማለት ከከተማው ሰው ሁለት ሦስተኛው ሪፎርምን መረጠ ማለት አይደለም። ይህንን ሳያዩ «ሕዝቡ በሙሉ ዞረብን» የሚሉ ወገኖቼ ጉዳዩን ደጋግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ድሮ ለከንቲባ ሁለተኛ ምርጫ ይጻፍ አልነበረም?

ነበረ። መራጩ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫውን ያመለክት ነበር፤ ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ይቀሩና የሌሎቹ ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ይቆጠራል። የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ባወጣው የ2022 የምርጫ ሕግ ይህ ቀርቶ ብዙ ድምፅ ያገኘ በአንድ ዙር ያሸንፋል ተባለ። በአሮጌው ሕግ ቢሆን የፍሌቸር 18,982 ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ወሳኝ ይሆን ነበር፤ ውጤቱም ሊገለበጥ ይችል ነበር። የሌበር መንግሥት በ2025 ወደ አሮጌው አቆጣጠር ለመመለስ ረቂቅ ሕግ አቅርቧል። ለእኔ አሮጌው ይሻላል፤ ከግማሽ ሕዝብ በታች ይዞ ይህን ያህል ሥልጣን መያዝ ለአሸናፊውም ለተሸናፊውም አይመችም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አሁን ከተማዋን የሚመራው ማነው? ከንቲባዋ ወይስ ሪፎርም?

ከንቲባዋ ናቸው፤ ግን እጃቸው ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይደለም።

ዶንካስተር ከ2002 ጀምሮ ከንቲባውን በቀጥታ ሕዝቡ ይመርጣል። በ2012 ይቅር ወይስ ይቀጥል ተብሎ በሕዝበ ውሳኔ ተጠይቆ ሕዝቡ ይቀጥል ብሏል። በዚህ አሠራር ካቢኔውን የምትሾመው ከንቲባዋ ናት፤ የዕለት ተዕለት ውሳኔውም የእሷና የካቢኔዋ ነው። አብዛኛው ወንበር የሌላ ፓርቲ መሆኑ ይህንን አይለውጠውም።

ካውንስሉ ጥርስ ያለው በዓመታዊው በጀትና በዋና ዋና ዕቅዶች ላይ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ የሚለው፣ ካውንስሉ የከንቲባውን በጀት በራሱ ለመለወጥ በስብሰባው ተገኝተው ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልገዋል። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። የ55 ሁለት ሦስተኛ 36.67 ነው፤ 37 ወንበር ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን በቀጥታ የተመረጠ ከንቲባም የካውንስሉ አባል ነው፤ ድምፅ አለው። ስለዚህ ሁሉም ከተገኘ የሚቆጠረው 56 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 37.33 ይሆናል፤ 38 ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። በምርጫው ውጤት በወጣው ቁጥር ሪፎርም የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር! በስብሰባው ቀን ከሌላው ወገን አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ በዚህ ካውንስል ማን ታመመ፣ ማን አረፈደ የሚለው ነገር ራሱ የበጀት ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል የከንቲባዋን ሥራ የሚመረምሩት ኮሚቴዎች፣ የግንባታ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ የሚሰጡት ኮሚቴዎች የሚዋቀሩት በወንበር ብዛት ነው። ሬስቶራንት ወይም የምሽት ቤት መክፈት ለምታስቡ ወገኖች ይህ ከበጀቱም በላይ ይነካችኋል።

ጥያቄ፦ ካውንስሉ ተሰብስቦ ከንቲባዋን ማውረድ ይችላል?

አይችልም። የመረጣቸው ሕዝቡ ስለሆነ በመተማመኛ ድምፅ አይነሡም። የሥራ ዘመናቸው አራት ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ ልጄ ሼፊልድ ይኖራል። ዶንካስተር ሲመርጥ እዚያ ምርጫ አልነበረም ይለኛል። እውነት ነው ልጄ?

እውነቱን ነው እማማ። በእንግሊዝ 36 ሜትሮፖሊታን የሚባሉ ካውንስሎች አሉ፤ በ1974 የተቋቋሙ ናቸው። ሳውዝ ዮርክሻየር ውስጥ አራት አሉ፦ ሼፊልድ፣ ሮዘራም፣ ባርንስሊና ዶንካስተር። ብዙዎቹ አባሎቻቸውን በአንድ ጊዜ አይመርጡም፤ በየዓመቱ አንድ ሦስተኛውን እየመረጡ አራተኛውን ዓመት ያርፋሉ። 2025 የማረፊያው ዓመት ነበር። ዶንካስተር ግን ሁሉንም በአንድ ቀን በየአራት ዓመቱ ይመርጣል፤ ዓመቱ ደግሞ ልክ በዚያ ላይ ዋለ። ለዚህ ነው በዚያ ቀን ከሜትሮፖሊታኖቹ ሁሉ ሙሉ ምክር ቤቱን የመረጠው ዶንካስተር ብቻ የሆነው። በአንድ ቀን መምረጥ ነፋሱ በነፈሰበት ከተማዋ ሙሉ በሙሉ እንድትዞር ያደርጋል፤ አንድ ሦስተኛ አንድ ሦስተኛ እያሉ መምረጥ ለውጡን ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ሪፎርም ካውንስሉን ስላሸነፈ ከዚህ ያስወጡኛል?

ወንድሜ፣ በዚህ ምክንያት አያስወጡህም። የጥገኝነት ጉዳይህን የሚወስነው ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ነው፤ የምትኖርበትንም ቤት የሚያስይዘው ሆም ኦፊስ በኮንትራት ኩባንያ በኩል ነው። የዶንካስተር ካውንስለር ፋይልህን የማየት ሥልጣን የለውም፤ ከንቲባዋም የላቸውም። ፖሊስም በካውንስሉ ሥር አይደለም፤ ከሜይ 2024 ጀምሮ ኃላፊነቱ የሳውዝ ዮርክሻየር ከንቲባ ነው፤ ይህ ከዶንካስተር ከንቲባ የተለየ ሹመት ነው።

ካውንስል ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር፣ ሆቴል ለጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ሲሆን የግንባታና የቦታ አጠቃቀም ሕግ ተጥሷል ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። በኦገስት 2025 የኤፒንግ ፎረስት ካውንስል እንዲህ አድርጎ ጊዜያዊ እግድ አግኝቶ ነበር፤ በዚያው ወር መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው።

ካውንስል አንተን በእውነት የሚነካህ ወረቀትህን ካገኘህ በኋላ ነው። ከሆም ኦፊስ ቤት ስትወጣ ማደሪያ ካጣህ የምትሄደው ወደ ካውንስሉ የቤት ክፍል ነው። ብቻውን የመጣ ልጅን የሚያሳድገው ካውንስሉ ነው። ትምህርት ቤት የሚመድበውም እሱ ነው። እነዚህ በፓርላማ ሕግ የተጣሉበት ግዴታዎች ስለሆኑ የትኛውም ፓርቲ ቢያሸንፍ ሊሰርዛቸው አይችልም፤ ለበጎ ፈቃድ ማኅበራት፣ ለቋንቋ ትምህርት፣ ለወጣቶች ማዕከል የሚመድበውን ገንዘብ ግን መቀነስ ይችላል። ዓይናችንን መጣል ያለብን እዚያ ላይ ነው።

ፍርሃትህን አላቃልለውም። በኦገስት 4 ቀን 2024 ማንቨርስ ውስጥ፣ ከዶንካስተር ድንበር እምብዛም ሳይርቅ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበትን ሆቴል ሰዎች ሲያጠቁ ሁላችንም አይተናል። ያ ወንጀል ነበር፤ ብዙዎቹም ታስረውበታል። የድምፅ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። የማዕድን ጉድጓዶቹ ከተዘጉ በኋላ ተረሳን የሚሉ፣ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው 69 በመቶ የመረጡ ሰዎች ከተማ ነች። ጎረቤትህ ሪፎርምን መረጠ ማለት አንተን ይጠላል ማለት አይደለም፤ ሰላም በለው።

ጥያቄ፦ ኢንደፊኒት (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ካገኘሁ ቆየሁ፤ ካውንስል ታክስ እከፍላለሁ። መምረጥ እችላለሁ?

የያዝሽው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ እንግሊዝ ውስጥ አትችዪም እህቴ። በካውንስል ምርጫ የሚመርጡት የብሪታንያ፣ የአየርላንድ፣ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) አገር ዜጎችና ሕጉ የፈቀደላቸው የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኬንያዊና ሩዋንዳዊ ጎረቤትሽ መኖሪያ ፈቃድ ካለው ይመርጣል፤ አንቺ አትመርጪም። ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ፓስፖርት ይዛችሁ ከ2020 መጨረሻ በፊት ወደዚህ የመጣችሁና ፈቃዳችሁ ያልተቋረጠ ደግሞ ትመርጣላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ስለማታውቁ አልተመዘገባችሁም።

በስኮትላንድና በዌልስ በሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር የውጭ ዜጋ ሁሉ በአካባቢ ምርጫ ይመርጣል። ግላስጎው ያለች ኢትዮጵያዊት የምትችለውን ዶንካስተር ያለችው አለመቻሏ፣ ታክሱን እኩል እየከፈሉ፣ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የብሪታንያ ዜግነት ስትወስጂ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነትሽ እንደሚቀር አስቢበት፤ ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ውሳኔው የቤተሰብ ነው፤ ድምፅ ማግኘቱን ግን በሚዛኑ ላይ አስገቢው።

ጥያቄ፦ ለመምረጥ ምን ይዤ ልሂድ?

ፎቶ ያለበት መታወቂያ። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም ፎቶው እርስዎን እስከመሰለ ድረስ ይቀበሉታል። ምንም ከሌለ ለምርጫ ብቻ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት በነፃ ይሰጣል፤ አስቀድመው ያመልክቱ። ጣቢያው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጥቂት ነን። ብንመርጥስ ምን እንለውጣለን?

ከንቲባዋን ያስመረጠው ልዩነት 698 ነው ብያለሁ። በዚያው ቀን ራንኮርን በተደረገው የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ሪፎርም ያሸነፈው በ6 ድምፅ ነው። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ከዚያ በላይ ነን። በዋርድ ደረጃ ደግሞ ልዩነቱ በአሥርና በሃያ ድምፅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ጥቂት ነን» የሚለውን ቃል ስሰማ ያመኛል፤ ምክንያቱም የመመረጥና የመምረጥ መብት ይዘው ስማቸው መዝገብ ላይ የሌለ ብዙ ሰዎች በዙሪያዬ አሉ።

ጥያቄ፦ ከእኛ አካባቢ የመጣ ሰው ተመርጦ ያውቃል?

ሼፊልድ ላይ ማጂድ ማጂድ አለ። ሶማሊያ፣ ቡራኦ ተወልዶ በልጅነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ቆይቶ ወደ ሼፊልድ የመጣ ነው። በ2016 በግሪን ፓርቲ ካውንስለር ሆነ፣ በ2018 የከተማዋ ሎርድ ሜየር፣ በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ አባል። የሼፊልዱ ሎርድ ሜየር የክብር ሹመት ነው፤ እንደ ዶንካስተሯ ከንቲባ በጀት አያዝም። ለካውንስለርነት ለመወዳደር በዋርዱ የተመዘገቡ ሁለት ሰዎች ፊርማ ያስፈልጋል፤ የመያዣ ገንዘብ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ መምረጥ የማልችል ከሆነ ካውንስለሩ ለምን ይሰማኛል?

ካውንስለር የሚወክለው የመረጠውን ብቻ ሳይሆን በዋርዱ የሚኖረውን ሁሉ ነው። የቤት እርጥበት፣ ያልተነሣ ቆሻሻ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ምደባ ጉዳይ ካላችሁ ጻፉለት፤ ሪፎርምም ሌበርም ቢሆን። የፖስታ ኮዳችሁን በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ካስገባችሁ የሁለቱ ወይም የሦስቱ ስም ይወጣል። አድራሻችሁን፣ ከዚህ በፊት ለየትኛው ክፍል እንዳመለከታችሁና የሰጧችሁን የጉዳይ ቁጥር አስገቡ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ካላችሁ የጻፋችሁትን ላኩልኝ፤ አብረን እናስተካክለዋለን።