ምጥኑን አቆዪው፣ እንቁላልና ለውዙን ግን አታቆዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ልጅሽ አምስት ወር ተኩል ሆኖታል። ጉንጩና የክንዱ መታጠፊያ ላይ ችፌ (ኤክዚማ) አለበት፤ ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ክሬም ስትቀቢው ይጠፋል፣ ስታቆሚ ይመለሳል። አባቱ የለውዝ፣ ታላቅ እህቱ የእንቁላል አለርጂ አለባቸው። እናትሽ ከአዲስ አበባ አሥራ ሁለት እህል ያለበት ምጥን (ተቀላቅሎ የተፈጨ የገንፎ ዱቄት) ልከውልሻል፤ እንቁላልና ለውዝ ግን ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይቀምስ ብለዋል። አንቺ አሜሪካ ሆነሽ "ምጥኑን ልጀምርለት?" ትያለሽ።

አሁን አትጀምሪለት። ምጥን ለሌላ ልጅ ጥሩ ምግብ ነው። አለርጂ ባለበት ቤት ግን ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ በአንድ ማንኪያ ሲገቡ ልጁ ፊቱ ቢያብጥ የትኛውን ትከሻለሽ? ሁሉንም ታስቀሪና ልጁ የማያስፈልገው ክልከላ ውስጥ ይገባል። ዝርዝሩን እናትሽን ጠይቂያቸው፤ ለውዝ እንዳይቀምስ ያሉት እሳቸው ራሳቸው ምጥኑ ውስጥ ለውዝ ጨምረው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው ይጨምራል። አብሽም የሚጨምር አለ፤ አብሽ ደግሞ የለውዝ ዘመድ ስለሆነ ለውዝ የማይስማማውን ሰው አንዳንዴ እሱም ይነሳበታል። ሌላ ሲልኩ ለየብቻው አስፈጭተው ይላኩልሽ። ወፍጮው ውስጥ የፊተኛው ሰው እህል ስለሚቀር መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለትልቅ ሰው ያድርጉት።

የሦስት ዓመቱን ነገር እናትሽ ከሜዳ አላመጡትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ራሱ በ2000 አለርጂ ላለበት ቤተሰብ ልጅ እንቁላል እስከ ሁለት፣ ለውዝ እስከ ሦስት ዓመት ይቆይ ብሎ ነበር፤ በ2008 ግን ምክሩን አነሳው። በ2015 የወጣው የለንደን ጥናት ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለውዝ በየሳምንቱ በሉ፣ ግማሾቹ ተከለከሉ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከተከለከሉት 17 በመቶ ያህሉ የለውዝ አለርጂ ነበረባቸው፤ ከበሉት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ምክንያቱ ቆዳው ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ የተሰነጠቀ ግድግዳ ማለት ነው። በአየርና በእጅ ላይ ያለ የምግብ ብናኝ በዚያ ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል፤ በአፍ ሲገባ ግን መልመድን ይማራል። ስለዚህ ሽቅድምድሙ በቆዳና በአፍ መካከል ነው። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ ለጋ ቅቤ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የለውዝ ዘይት ችፌው ላይ አትቀቢው። በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እጠቢው፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን በደንብ ቀቢው። የታዘዘውን ክሬም ፈርተሽ ቶሎ አታቋርጪ፣ ሐኪሙ ያለውን ቀን ጨርሺ።

የአባቱ አለርጂ ብቻውን ለምርመራ አያበቃም ነበር። በስቴሮይድ ክሬም ተደጋግሞ የሚታከም ችፌ ግን ከከባዱ ይመደባል፣ ስለዚህ ለውዝ ከመጀመርሽ በፊት ለሐኪሙ ደውዪ። የምትጠይቂው የለውዝ ብቻ የደም ወይም የቆዳ ምርመራ ነው። የደሙ ውጤት ከ0.35 በታች ወይም የቆዳው እብጠት ከ2 ሚሊሜትር ያልበለጠ ከሆነ ቤት መጀመር ይቻላል፤ የቆዳው ከ3 እስከ 7 ከሆነ ሐኪም ፊት ይቀመሳል፤ 8 እና በላይ ከሆነ አለርጂው አስቀድሞ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ለስፔሻሊስት ተዪው። "የሁሉንም ምግብ መርምሩልኝ" አትበይ፤ የሚበላውን ምግብ ሁሉ ፖዘቲቭ የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ ፖዘቲቭ ማለት ደግሞ አለርጂ ማለት አይደለም። ቀጠሮው ከራቀ ገፍተሽ አስቀርቢው።

ራሱን ደግፎ መቀመጥ ከቻለና ማንኪያ በምላሱ የማይገፋ ከሆነ በቀጭን የጤፍ ገንፎ፣ በካሮት ወይም በስኳር ድንች ጥቂት ቀን አለማምጂው። ወር ሙሉ ካሮት ላይ አትቆዪ። ከዚያ እንቁላል። ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ ቀቅለሽ አስኳሉንም ነጩንም በጡት ወተት ፍጪው። አስኳሉን ብቻ መስጠት ቤታችን የተለመደ ነው፣ ግን አለርጂ የሚያስነሳው በብዛት ነጩ ስለሆነ ምንም አይነግርሽም። ለብ ለብ ያለ ወይም ጥሬ እንቁላል አይሆንም።

አሰጣጡ ለሁሉም አንድ ነው። ጠዋት፣ ልጁ ጤነኛ በሆነበት፣ ክትባት ባልተወጋበት ቀን፣ እህቱን የሚይዝልሽ ሰው ባለበት። አፉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀቢ፤ ቲማቲምና ሎሚ የመሰለ ነገር ቆዳውን ሲያቀላው አለርጂ መስሎ ያስደነግጣል። የሻይ ማንኪያ ጫፍ ስጪው፣ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ምንም ከሌለ የቀረውን በቀስታ አብዪው፣ ሁለት ሰዓት ከዓይንሽ አይራቅ። አዲስ አለርጂ አምጪ ምግብ በሦስት ቀን አንድ ይበቃል።

ለውዙ፣ ምርመራው ከፈቀደ፦ ስኳር የሌለው ለስላሳ ፒነት በተር 2 የሻይ ማንኪያ፣ 2 ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረግሽ ማሸት፣ ማቀዝቀዝ። ሳይቀጥን ከሰጠሽው ጉሮሮው ላይ ይጣበቃል። በፍሬው አምስት ዓመት እስኪሞላው አይሰጥም። አባቱ ቤት በሌለበት ሰዓት አብዪው፤ እጅሽን፣ የልጁን ፊትና ወንበሩን በሳሙና እጠቢ። የእጅ ማጽጃ ጄል የለውዝን ፕሮቲን አያስወግድም፣ አባቱም ልጁ ሳይታጠብ አይሳመው። እንቁላሉንም እህቱ በሌለችበት፣ በተለየ ሳህን።

አፉ ዙሪያ ትንሽ ሽፍታ ብቻ ካየሽ አቁሚና ለሐኪም ደውዪ። ከንፈሩ ካበጠ፣ ካስታወከ፣ ሳል ከጀመረው፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ገርጥቶ ከተዝለፈለፈ 911 ጥሪ። የአባቱ የአለርጂ ድንገተኛ መርፌ (ኤፒነፍሪን) በአዋቂ መጠን የተሠራ ስለሆነ ለልጁ የሚሆነውን ከምርመራው ቀን ጀምሮ ሐኪሙን ጠይቂው። ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ ተደጋጋሚ ትውከት ደግሞ፣ ሽፍታ ሳይኖር፣ ሌላ ዓይነት የምግብ ችግር ነው፤ ሩዝና አጃም ያመጡታል። እየገረጣና እየደከመ ከሄደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።

ብዙ እናት የምትሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። አንዴ ቀመሰ፣ ተስማማው፣ ተብሎ ይረሳል። ለውዙ በሳምንት ሦስቴ በዚያው መጠን፣ እንቁላሉ ቢያንስ ሁለቴ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀጥል። እርጎ፣ ስንዴ፣ የተፈጨ ሰሊጥና ዓሣ በዚሁ መንገድ ተራ በተራ ይግቡ። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው አይነካም፣ ከአለርጂ ጋር ባይገናኝም።

ምጥኑን አትድፊው። አየር በማይገባው ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ ለውዝ ካለበት፣ ውጭ ሲቆይ የለውዙ ቅባት ይበላሻል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት እህሎች አንድ በአንድ ካለፉ በኋላ ገንፎውን ሥሪለት፤ ግን እዚያ ውስጥ ያለው ለውዝ ትንሽ ስለሆነ ከሳምንቱ ሦስት ጊዜ አትቁጠሪው።