የጨንቻ አፕል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ ደጋ ፍራፍሬ ከጻፍሁበት ሳምንት ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በአንድ ተክል ላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤአቸዋለሁ።

«ገበያ ላይ ‹የጨንቻ አፕል› ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዴ አረንጓዴና ጎምዛዛ፣ አንዳንዴ ቀይና ጣፋጭ ነው። እውነተኛው የትኛው ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ጨንቻ የቦታ ስም እንጂ የዝርያ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ወደ ጋሞ ደጋ ይዘውት የገቡት ይህ ተክል በእንሰትና በቀርከሃ በተከበቡት ጓሮዎች ውስጥ ሥር ሰድዶ የአካባቢው መታወቂያ እስከ መሆን ቢደርስም፣ በአንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ ክሪስፒን፣ ቦንድ ሬድ፣ ጆናጎሬድና ግራኒ ስሚዝ ጎን ለጎን ቆመው ማየት ያልተለመደ አይደለም። ግራኒ ስሚዝ በስሎም አረንጓዴና ጎምዛዛ ስለሆነ «ያልበሰለ ሸጡልኝ» ብሎ ባለሱቁን መውቀስ አይገባም።

እነዚህን ዝርያዎች አንድ የሚያደርጋቸው የበቀሉበት ብርድ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,700 ሜትር ሲደረስ የሚለበሰው ልብስ ይለወጣል፤ በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ከስምንት ዲግሪ በላይ ልዩነት ይፈጠራል። አፕል የሚፈልገው ይህንን ነው። ከውጭ ከሚገባው የሚለይበት ምልክት ካስፈለገ፣ የጓሮ ፍሬ መጠኑ የተበላለጠ፣ ቆዳው አልፎ አልፎ ሻካራ ጠቃጠቆ ያለበትና በሰም ያልተወለወለ ይሆናል። እኔ ግን ሸማቹ «የየት ነው?» ከማለት አልፎ «ምን ዓይነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቢለምድ እመርጣለሁ።

«ከበላሁት አፕል ፍሬውን አውጥቼ ተክዬ ስድስት ዓመት ሆነው። ዛፉ አምሯል፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ አላፈራም።» (ከሰንዳፋ)

ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ዘር አዲስ ዛፍ ነው፤ ቢያፈራም ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ለማፍራትም ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ምክንያት አፕል የሚባዛው በማዳቀል ነው፤ ማለትም ከሚፈለገው ዝርያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሌላ ሥር በሚሰጥ ግንድ ላይ ይጣበቃል። ይህ ሥር ሰጪ ግንድ ሩትስቶክ ይባላል፤ የዛፉን ቁመትና ማፍራት የሚጀምርበትን ጊዜ በብዙ መልኩ የሚወስነውም እርሱ ነው። ኤምኤም 106 በሚባለው ላይ የተዳቀለ ዛፍ መካከለኛ ቁመት ይዞ፣ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ማፍራት ይጀምራል።

ዛፍዎን አይቁረጡት፤ ጤነኛ ሥር አለውና ባለሙያ አስመጥተው በቅርንጫፎቹ ላይ የታወቀ ዝርያ ያዳቅሉበት። አዲስ ችግኝ የሚገዙ ከሆነ ግን የላይኛውንም የታችኛውንም ስም ይጠይቁ፤ የማዳቀያው ጠባሳ በግልጽ መታየቱንም ያረጋግጡ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከመንገድ ዳር ሻጭ ሁለት ችግኝ ገዝቼ፣ ጠባሳውን ሳልፈልግ ተክያቸው፣ ከዘር የበቀሉ መሆናቸውን የተረዳሁት ቅጠል ብቻ ስለቅም ከኖርሁ በኋላ ነው። ጠባሳው ሲተከል ከአፈሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣና የሩትስቶኩ ጥቅም ይቀራል።

«ዛፎቼ በአበባ ይሸፈናሉ፤ ፍሬ ግን አይዙም። ያሉኝ ሁለት ክሪስፒንና አንድ ጆናጎሬድ ናቸው።» (ከጨንቻ)

የዝርያዎቹን ስም መጻፍዎ ጥያቄውን ግማሽ መልሶታል። አብዛኛው አፕል በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም፤ በዚያው ሰዓት የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአቅራቢያው ይፈልጋል። ሁለት ክሪስፒን ደግሞ ለዚህ ጉዳይ እንደ አንድ ዛፍ ይቆጠራሉ። ከዚህም የባሰው ክሪስፒንና ጆናጎሬድ ሁለቱም በተፈጥሯቸው ደካማ የአበባ ዱቄት የሚያወጡ መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም ተቀባዮች እንጂ ሰጪዎች አይደሉም። ስለዚህ ጓሮዎ ውስጥ ድግሱ ተደግሷል፣ እንግዶቹም ተቀምጠዋል፣ የሚያስተናግድ ግን የለም።

መፍትሔው ሦስተኛ ዝርያ፣ ለምሳሌ ግራኒ ስሚዝ፣ በአሥራ አምስት ሜትር ክልል ውስጥ መትከል ነው። እስከዚያው ከጎረቤት ያበበ የግራኒ ስሚዝ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ውኃ ባለበት ጀሪካን ውስጥ አድርገው ከዛፎችዎ መካከል ቢያስቀምጡ ንቦቹ ሥራውን ይሠሩታል። በአበባ ወቅት የተባይ መድኃኒት አይርጩ፤ የንብ ቀፎ ያለው ጎረቤት ካለዎትም ሀብት ነው።

«ቢሾፍቱ ላይ ያፈራል ወይ?» (ሦስት አንባቢያን)

ብርድ ወዳድ ዝርያዎችን አይሞክሩ። አፕል ቅጠሉን አራግፎ ከሚያርፍበት እንቅልፍ በእኩል ለመንቃት ከሰባት ዲግሪ በታች የሆኑ ሰዓታት ያስፈልጉታል፤ ለአንዳንዱ ዝርያ ይህ ከ700 ሰዓት በላይ ነው። በ1,900 ሜትር ከፍታ ዕድል ያላቸው እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ናቸው። አና በእስራኤል ዓይን ሼመር ኪቡትዝ ለሞቃት ቦታ ተብላ የተፈጠረች ዝርያ ናት፤ ዶርሴት ጎልደን የተገኘችው ደግሞ በባሃማስ ደሴቶች ነው። ሁለቱም ከ300 ሰዓት ባነሰ ብርድ ይረካሉ፣ አብረው ስለሚያብቡም አንዷ ለሌላዋ ዱቄት ትሰጣለች። ከሁለቱ አንዷን ብቻ መትከል ገንዘብ ማባከን ነው።

«ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ አበባው ደግሞ እዚህም እዚያም ይፈነዳል። በአንድ ዛፍ ላይ አበባ፣ እንጭጭና የበሰለ ፍሬ አብረው አሉ።» (ከሐገረ ሰላም)

ዛፉ መቼ መተኛት እንዳለበት ግራ ገብቶታል። ቅጠሉን የሚያራግፍ ከባድ የብርድ ወቅት በሌለበት አገር የዛፉ ባለቤት ያንን ወቅት በእጁ ይሠራል። በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ ባቱ በሚባለው ደጋማ አካባቢ፣ ገበሬዎች ፍሬው ከተለቀመ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቅጠሉን አንድ በአንድ በእጃቸው አራግፈው ዛፉን ራቁቱን ያስቀሩታል፤ በሳምንታት ውስጥ በአንድነት ያብባል፤ በዚህ ዘዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቅማሉ። እርስዎ በዓመት አንዴ ይሞክሩት። ወደ ላይ የተተኮሱትን ቅርንጫፎች በገመድና በድንጋይ ጎትተው ወደ አግድም ያጋድሟቸው፤ የተጋደመ ቅርንጫፍ እድገቱን ቀንሶ የአበባ እምቡጥ ያበዛል። ጊዜውን ሲመርጡ አበባው ከከባድ ዝናብና ከበረዶ ጋር እንዳይገጥም ወደ ኋላ ቆጥረው ያሰሉ። ቅጠሉን ሲያራግፉ ወደ ታች አይግፈፉት፤ በቅጠሉ ሥር ያለው እምቡጥ አብሮ ይነቀላል።

«ግንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል።» (ከደብረ ብርሃን)

በጣትዎ ሲደፈጥጡት ቀይ ፈሳሽ ከወጣው የአፕል ክሽክሽ ነው። በጠንካራ ብሩሽና በሳሙና ውኃ ያጥቡት፤ ያበጠውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ያቃጥሉ። ዛፍዎ የተዳቀለው በኤምኤም 106 ላይ ከሆነ፣ ይህ ሩትስቶክ የተፈጠረው ተባዩ ሥሩን እንዳያጠቃው ተብሎ ስለሆነ ሥሩ አያስጋዎትም፤ በአንጻሩ ይኸው ሩትስቶክ ውኃ በሚቋጥር መሬት አንገቱ ላይ ይበሰብሳልና ቦይ ያውጡለት።

«በቨርጂኒያ ግቢዬ ውስጥ አናን ብተክል የአገሬን አፕል አገኛለሁ?» (ከአሜሪካ)

አልመክርዎትም። አና ትንሽ ብርድ ስለሚበቃት በየካቲት አጋማሽ አንድ ሞቅ ያለ ሳምንት ካገኘች ታብባለች፤ ከዚያ የሚመጣው ውርጭ አበባውን ይጨርሰዋል። በጨንቻ የሚታወቁት ክሪስፒንና ግራኒ ስሚዝ ለእርስዎ አካባቢ ይሻላሉ።

«መቼና እንዴት ይለቀማል? ቀይ ሲሆን ለቅሜ ገበያ ሳደርሰው እንጨት እንጨት ይላል አሉኝ።» (ከዶርዜ)

ቀለም ያታልላል፤ ፀሐይ ያገኘው ጎን ሳይበስልም ይቀላል። ከቀዩ ሥር ያለውን መደብ ይመልከቱ፤ ከሣር አረንጓዴነት ወደ ቢጫ ማዘንበል አለበት። አንዱን ፍሬ ሰንጥቀው ዘሩ ቡናማ መሆኑን ይዩ። የበለጠ ማረጋገጥ ለሚሻ፣ ግማሹን ከመድኃኒት ቤት በተገዛ በቀጠነ አዮዲን ውስጥ ነክረው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ስታርች ያለበት ቦታ ይጠቁራል፣ ስኳር የሆነው ነጭ ይቀራል። ነጩ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ቆዳው መስፋፋት ሲጀምር ለቀማው ደርሷል። የተነከረውን አይብሉት።

ሲለቅሙ አይጎትቱ። ፍሬውን በመዳፍዎ ይዘው ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት ጭራው ከመገጣጠሚያው ይላቀቃል፤ እምቢ ካለ አልደረሰም፣ በሳምንቱ ይመለሱበት። በኃይል ከጎተቱት ፍሬውን የያዘችው አጭርና ጉጥ የበዛባት ቅርንጫፍ አብራ ትገነጠላለች፤ ለመጪዎቹ ዓመታት የሚያፈራውም በእርሷ ላይ ነው። ጭራው ከፍሬው ጋር ይቆይ፤ ከተነቀለ በቀዳዳው ብስባሽ ይገባል። ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ሣር በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ይልቀሙና ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። የተመታውን ወይም የተወጋውን ለቤት ይለዩት፤ ከአንድ የተጎዳ ፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ሌላውንም ያስረጀዋል። በዚሁ ምክንያት ከሙዝ ጋር በአንድ ክፍል አያሳድሩት።