የውጭ አገር ትምህርት፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ሁላችሁ። በግል መልእክት የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነብኝ እዚሁ በአንድ ላይ ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው። ለማታውቁኝ፣ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ ስሠራ ቆይቼ ኋላ ወደ ውጭ ግንኙነት ቢሮ የተዛወርኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬ የተማሪ ወረቀት ማገላበጥ ነው። ጀርመንን፣ የአውሮፓ ስኮላርሺፖችንና የሰነድ ጣጣን በደንብ አውቃለሁ። አሜሪካን በመጠኑ። ካናዳንና አውስትራሊያን ሌላ ሰው ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከወዲሁ፦ ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ ለሚል ግለሰብ ሳንቲም አትክፈሉ። ዛሬ ደጋግሜ ነው የምለው።

ሚኪ ዘ ሐዋሳ፦ ጋሽ መዝገቡ ሰላም ነው? ስኮላርሺፕ ፈልጌ ነበር፣ ቢረዱኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ምን ተምረህ? በስንት ውጤት? ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው ለማስተርስ? ሥራ ላይ ነህ? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ሄለን፦ በ2014 በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ጂፒኤዬ 3.0 ነው። ጀርመን በዚህ ይቀበሉኛል ወይስ ዝም ብዬ አልልፋ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ጥያቄ ማለት እንደዚህ ነው። ስሌቱን ላሳይሽ፣ ሌሎቻችሁም ያዙት። ጀርመኖች ውጤት የሚቆጥሩት በተቃራኒው ነው። 1 ምርጡ ነው፣ 4 ለትንሽ ያለፈ። የእኛን ወደ እነሱ የሚቀይሩበት ቀመር አላቸው። ከ4.0 ላይ ውጤትሽን ቀንሺ። የቀረውን ለ2 አካፍይ። 2 የሆነው ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ስለሆነ ነው። ከዚያ በ3 አባዢና 1 ጨምሪበት። 3.0 ያለው 2.5 ይሆናል፣ 3.2 ያለው ደግሞ 2.2። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ላይ ስለሚቆርጡ አንቺ ደፉ ላይ ነሽ። ከደፉ የሚያስገባሽ ሌላው ወረቀትሽ ነው።

ሥራ ላይ ከሆንሽ የጀርመን አካዳሚያዊ ልውውጥ አገልግሎትን፣ ማለትም ዳድን፣ ተመልከቺ። ኢፖስ የሚባለው መስመሩ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች ነው። ከምረቃ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻ ዲግሪሽ ደግሞ ከ6 ዓመት ያልበለጠ መሆን አለበት። አንቺ መሀሉ ላይ ነሽ፣ አትዘግዪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማመልከቻውን ለዳድ በመላክ ነው። የሚላከው ለራሱ ለትምህርት ክፍሉ ነው፤ ቀኑም በየፕሮግራሙ ይለያያል። ለዳድ ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ክፍያ የለም። የለም!

ቢኒ 22፦ ጀርመን ነጻ ነው ይላሉ። ታዲያ 11 ሺህ ዩሮ የሚሉት ምንድን ነው?

ጋሽ መዝገቡ፦ ትምህርቱ በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነጻ ነው። ግን «በአብዛኛው» የምትለዋን አትዝለል። ሃይደልበርግና ሽቱትጋርት ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከ2017 (በፈረንጆች) ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ወዲህ ማስከፈል ጀምሯል።

11 ሺህ የምትለው ግን የኑሮ ገንዘብ ነው። የታገደ ሂሳብ ይባላል። የዓመት ወጪህን፣ አሁን 11,904 ዩሮ፣ ቀድመህ ታስገባለህ፤ እዚያ ስትደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቁልሃል። ገንዘቡ የአንተው ነው። ችግሩ ከብር ወደ ዩሮ መሻገሩ ላይ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ያን ጊዜ ልጃቸውን ለመላክ ብር ሲቆጥቡ የነበሩ ወላጆች ምን እንደሆኑ አስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዘመድ ለሁለት ሳምንት ተበድሮ አካውንት ላይ ማሳየት የሚሉት ብልጠት አለ። የቆንስላ ሰው ያን ወረቀት ሲያይ ነው የሚውለው። ደመወዙ 12 ሺህ የሆነ ሰው አካውንት ላይ በአንድ ቀን ሁለት ሚሊዮን ብር ሲገባ «ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። የሚደግፋችሁ ሰው ካለ በግልጽ አሳዩት፤ ከነምንጩ፣ ከነዝምድናው።

ሳሚ፦ ኖርዌይስ? እሷም ነጻ ናት አይደል?

ጋሽ መዝገቡ፦ ነበረች። ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ ታስከፍላለች። ስዊድን ከ2011፣ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ (ሁሉም በፈረንጆች)። የቆየ የቴሌግራም ጽሑፍ ስታነቡ ቀኑን እዩ።

ዳዊት አዳማ፦ ጋሼ፣ ክፍያ ክፍያ እያሉ ሰውን አያስፈራሩ። እኔ በኤጀንት ነው የወጣሁት፣ ሁሉንም ጨረሱልኝ፣ ሰላም ነው።

ሰላማዊት፦ ስንት ከፈልክ?

ዳዊት አዳማ፦ እሱ የግሌ ነው።

ሰላማዊት፦ የእኔን ልንገርህ። እህቴ 80 ሺህ ብር ሰጥታ የመጣላት ራሷ በስልኳ ልትሞላው የምትችል ፎርም ነው። ፓስወርዱን እንኳ አልሰጧትም።

ዳዊት አዳማ፦ ሌባ ስለገጠማት ሁሉም ሌባ ነው ማለት ነው?

ጋሽ መዝገቡ፦ ሁለታችሁም ረጋ በሉ። ዳዊት፣ ሁሉም ሌባ ነው አላልኩም። ሕጋዊ ኤጀንት አለ። ግን እንዴት እንደሚበላ እወቁ። ከሚልክላቸው ተማሪ ክፍያ ላይ ኮሚሽን የሚያገኘው ከኮሌጆቹ ነው። ስለዚህ የሚወስዳችሁ ኮሚሽን ወዳለበት ነው። የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮሚሽን አይሰጥም። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ኤጀንቱ ስለ እነዚህ ትንፍሽ የማይለው ለዚህ ነው፣ ክፋት ላይሆን ይችላል። በራሳችሁ ገንዘብ የምትማሩ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ግን የኢሜይላችሁና የማመልከቻችሁ ፓስወርድ በእጃችሁ ይሁን። ለስኮላርሺፕ ግን አትክፈሉ። ሁለተኛ ጊዜ ነው የምለው።

ትዕግስት መቀሌ፦ የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት ነው የሚጻፈው? አስተማሪዬ «ጽፈሽ አምጪው እፈርማለሁ» አለኝ።

ጋሽ መዝገቡ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። አገራችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ነገር ይሄ ነው። አስተማሪው ስድስት ኮርስ ይዟል፣ ተማሪው መቶ ነው፣ ይገባኛል። ግን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ተማሪዋ የራሷን የፍላጎት መግለጫ ትጽፋለች። በዚያው ምሽት ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ትጽፋለች። አራቱም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። አንድ ዓይነት ቅጽል፣ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት የመግቢያ ዓረፍተ ነገር። አንድ ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳይ ሦስቱም ላይ «ታታሪና ትሑት» የሚለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ሦስቱ ፈራሚዎች ደግሞ በሦስት የተለያየ ትምህርት ክፍል ያሉ ሰዎች ናቸው። መራጩ ኮሚቴ በቀን ስንት ፋይል እንደሚያይ አስቢ፤ ይሄ አይጠፋውም።

እንዲህ አድርጊ። ሂጂና «መምህር፣ ደብዳቤውን እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ ማስታወሻ አዘጋጅቼልዎታለሁ» በዪ። አንድ ገጽ ስጪው። የትኛውን ኮርስ ከእሱ ጋር ወሰድሽ፣ ስንት አመጣሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ በምን ላይ ነበር፣ የመስክ ሥራ ላይ ምን ሠራሽ፣ የምታመለክቺው የት ነው፣ መላኪያው ቀን መቼ ነው። አስተማሪ ወረቀቱ ባዶ ሲሆንበት ነው የሚሸሸው። «ይህቺ ተማሪ በላብራቶሪ የሲሚንቶ ናሙናው ሲሰነጠቅ ስህተቱን ራሷ አገኘችው» የሚል አንድ መስመር «ታታሪ» የሚለውን አሥሩን ይበልጣል። ከቻለ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይላክ። በጂሜይል የመጣ ደብዳቤ ጥርጣሬ ይስባል። እና ጊዜ ስጪው። መላኪያው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በር የሚያንኳኳ ተማሪ ምን ዓይነት ደብዳቤ ይጠብቃል?

አቤል፦ አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ግዴታ ነው?

ጋሽ መዝገቡ፦ እንደ ዩኒቨርሲቲው ነው። የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንዱ ከሬጅስትራር የማስተማሪያ ቋንቋ ደብዳቤ ይቀበላል። ገጻቸውን አንብብ። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው።

ኪዳን፦ አይኤልትስ ሳይኖረኝ ማመልከት እችላለሁ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ወንድሜ፣ አንድ መስመር ከፍ በል።

ፍሬ፦ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ስሜና ዲግሪዬ ላይ ያለው አይገጥምም። ችግር አለው?

ጋሽ መዝገቡ፦ አለው፣ በጣም። ከውጤት ይልቅ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ ያንተና የአባትህ ስም በአንድ መስመር፣ የአያትህ ስም ለብቻው የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ ይቀመጣል። ዲግሪ ላይ ደግሞ ሁለት ስም ብቻ ሊኖር ይችላል። ፈረንጁ የአያትህን ስም ይዞ ዲግሪህ ላይ ሲፈልግ ያጣዋል። በዚያ ላይ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። ጸጋዬ አንዱ ሰነድ ላይ በቲና በኤስ፣ ሌላው ላይ በኤስ ብቻ። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለእነሱ ሁለት።

የልደት ቀንም እንደዚሁ። መስከረም 1993 የተወለደ ሰው በፈረንጆች 2000 ነው፤ ጥር 1993 የተወለደው 2001። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ላለው 7 ዓመት፣ ከጥር ጀምሮ ላለው 8 ዓመት ነው የሚጨመረው (ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተወለዳችሁ በቀኑ አስሉት)። ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምርና አንዱ ወረቀት ላይ 2000፣ ሌላው ላይ 2001 ይሆናል።

መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲህ ሂድና ኦሪጅናሉ ከመታተሙ በፊት በፓስፖርቱ መሠረት አስተካክሉልኝ በል። ከታተመ በኋላ ከሆነ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን የሚገልጽ የፍርድ ቤት ውሳኔ አውጥተህ አስተርጉመህ ትይዛለህ። ማመልከቻ ስትሞላ ሁልጊዜ የፓስፖርቱን ጻፍ።

ስለ ሰነድ ካነሳን፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቃችሁ ወጪ መጋራቱን አትርሱ። ከ1996 ጀምሮ የተፈረመ ዕዳ ነው። እሱ ሳይዘጋ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማግኘት ከባድ ነው። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ ይዞ የሚሮጥ ሰው መጨረሻው ላይ ይቆማል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ከውጭ ጉዳይ በፊት በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መረጋገጥ አለበት።

ናቲ 12ኛ፦ 12ኛን ዘንድሮ ጨረስኩ። አሜሪካ ሙሉ ስኮላርሺፕ?

ጋሽ መዝገቡ፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ከተቀበሉት የጎደለውን ይሸፍናሉ። መግባቱ ግን መርፌ ቀዳዳ ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕንም ሞክር፤ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል፣ ክፍያ የለውም።

ሀብታሙ፦ የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ (ኤፍ 1) ሁለት ጊዜ ተከለከልኩ። 214 ቢ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ዶላሩን ለፋሁበት።

ጋሽ መዝገቡ፦ ያ አንቀጽ የሚለው «ተመልሰህ እንደምትመጣ አላሳመንከኝም» ነው። ወረቀት ጎደለ ማለት አይደለም። ምንም ሳይቀየር ሦስተኛ ጊዜ ብትገባ 185 ዶላርህን ማቃጠል ነው። ለምን ያን ትምህርት፣ ለምን እዚያ፣ ማን ይከፍላል፣ ስትጨርስ ምን ትሠራለህ፤ እነዚህን በቃልህ ያለ ሽምደዳ መመለስ ቻል። ለሁላችሁም፦ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለእኛ የሚሰጠው የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ በአብዛኛው ለአንድ መግቢያ፣ ለ3 ወር ነው። ይህ የመግቢያ በር ነው እንጂ የቆይታ ጊዜ አይደለም። ግን ለገና ልምጣ ብሎ የወጣ ልጅ ለመመለስ እንደ አዲስ ቪዛ ይጠይቃል።

ሰላማዊት፦ «ተመልሰህ ትመጣለህ ወይ» የሚሉት ግን ያስቃል። ማን ይመለሳል?

ዳዊት አዳማ፦ አገር ከፍሎ አስተምሮሽ ነው እንደዚህ የምትይው?

ሰላማዊት፦ ወጪ መጋራቴን ከፍያለሁ። አሁን የማን ዕዳ አለብኝ?

የጎንደር ሐኪም፦ እኔ ተመለስኩ። የተማርኩበት ማሽን እዚህ የለም። የሁለታችሁም ሐሳብ ይገባኛል።

ጋሽ መዝገቡ፦ ይሄ ለሌላ ቀን ይሁን። ሕጉን ብቻ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ሳያነብ ይፈርማልና። ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ በጄ 1፣ ማለትም በልውውጥ ቪዛ ነው። ስትጨርሱ 2 ዓመት አገራችሁ ሳትቆዩ ወይም ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ሳታገኙ አሜሪካ ውስጥ የኤች የሥራ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይሰጣችሁም። ቼቭኒንግም 2 ዓመት ተመለሱ ይላል፤ ለማመልከት ደግሞ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ኢራስመስ ሙንዱስ እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ቢያንስ ሁለት አገር ያስተምራል። ኢራስመስ «ተቀብለንሃል» ሲል ግን ደብዳቤውን እስከ መጨረሻ አንብቡ። ከስኮላርሺፕ ጋር ነው ወይስ በራስህ ከፍለህ? እልል ብሎ ድግስ የደገሰ ቤተሰብ አውቃለሁ።

ማርታ፦ 34 ዓመቴ ነው። አልፎብኛል?

ጋሽ መዝገቡ፦ ለቱርክ ማስተርስ አዎ፣ እዚያ ከ30 በታች ነው። ለቼቭኒንግና ለኢራስመስ የዕድሜ ገደብ የለም። ልጆች ካሉሽ ግን እወቂ፤ እንግሊዝ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ በመንግሥት ስኮላርሺፕ ካልሄደ በቀር ለመደበኛ (የምርምር ላልሆነ) ማስተርስ ተማሪ ቤተሰብ ይዞ መግባት ከልክላለች።

ሚኪ ዘ ሐዋሳ፦ ተመለስኩ ጋሼ። አካውንቲንግ፣ 3.4፣ ለማስተርስ፣ ባንክ 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ካናዳ ብሄድስ?

ጋሽ መዝገቡ፦ አሁን ሰው ሆንክ። ካናዳን አላውቅም አልኩ እኮ። ቼቭኒንግን እይ። አብዛኛውን ጊዜ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው የሚከፈተው። የባንክህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ የጀመርክበት ቀን፣ የሥራ መደብህና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠራ ይጻፍበት። «በመልካም ሥነ ምግባር ሠርቷል» ብቻ የሚለውን አትቀበላቸው። ሰው ሀብት አስተዳደር ካስቸገረህ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅህን ያዝ። የቀራችሁትን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እመልሳለሁ፤ ሰነድ ግን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትላኩልኝ፣ ስካን አድርጉት።