ከመኪና ግርግር፣ ስለ መለዮ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ ሱቄ መጣ። ድሬዳዋ ወርዶ ከሰልባጅ ክምር የመረጠውን ሬንጀር ጃኬት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋና «አባባ፣ ወገቡን ያጥብቡልኝ» አለኝ። ገለባብጬ አየሁት። በቀኝ እጅጌው ላይ የአንድ የአሜሪካ ክፍለ ጦር አርማ እንደተሰፋ ነው። በግራው ግን የነበረው ተፈቶ፣ ፀሐይ ያላገኘው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት ቀኙን እያሳየሁት።

«ዲዛይን ነው።»

ዲዛይን አይደለም። በአሜሪካ ምድር ጦር ደንብ የግራው አርማ ወታደሩ አሁን ያለበትን ክፍል ያሳያል፤ ሲዛወር ይፈታና የአዲሱ ክፍል ይሰፋለታል። የቀኙ ከየትኛው ክፍል ጋር ጦር ሜዳ እንደዋለ የሚናገር ነው፤ ክፍሉን ቢለቅም አይነሳበትም። እንግዲህ የጃኬቱ ባለቤት ዘምቷል፣ ተመልሷል፣ ክፍል ቀይሯል፤ ይህን ሁሉ ከጨርቁ ማንበብ ይቻላል። ልጁ የማያውቀውን ሰው ዘመቻ ክንዱ ላይ አድርጎ ፈረስ መጋላ ሊንሸራሸርበት ነበር። አርማውን በምላጭ ፈታሁለት፤ ወገቡንም አጠበብኩለት። ትንሽ ቅር ብሎት ሄደ።

እኔ መርፌ የያዝኩት በ1964 ዓ.ም. ነው፣ በአሥራ አራት ዓመቴ። ጀጎልን የምታውቁ መኪና ግርግርን ታውቃላችሁ፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናችን ጫጫታ ነው። ያን ጊዜ ሐረር የወታደር ከተማ ነበረች። ሦስተኛ ክፍለ ጦር እዚሁ ነበር፤ የጦር አካዳሚውም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የህንድ መኮንኖች እያስተማሩበት ተከፍቶ እጩ መኮንኖችን ያስመርቅ ነበር። ያሠለጠኑኝ ሰውዬ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ወረቀት ሳታይ ማዕረግ አትሰፋም። ደንበኛው ዘመድ ቢሆን፣ ቢቆጣ፣ እጥፍ ቢከፍል ያው ነው። እጩ መኮንኑ ለዚያች ኮከብ ሦስት ዓመት ሲለፋ ከርሟል፤ እኔ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ነገሩ የሚያስፈራው እዚህ ላይ ነው።

ያን ሕግ አንድ ጊዜ ጥሻለሁ። ከላይቤሪያ ሰላም ማስከበር የተመለሰ ልጅ ነበር፤ ጨዋ፣ የሰፈሬ ልጅ። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳልያ ለእያንዳንዱ ግዳጅ የራሱ ሪባን አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠና ቀን ያገለገለ ያገኘዋል። እዚያው ግዳጅ ላይ ለሁለተኛ ዙር የተመለሰ ሌላ ሜዳልያ አይጨመርለትም፤ ሪባኑ ላይ ቁጥር ነው የሚቀመጥለት። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሪባን ያደረገ ሰው ሁለት የተለያየ ግዳጅ ዘምቷል ማለት ነው፤ የሚያውቅ ሰው በአንድ እይታ ያነበዋል። ልጁ የጓደኛውን የዳርፉር ሪባን ይዞ መጣና ከራሱ ጎን እንዳደርግለት ለመነኝ። የእህቱ ሰርግ ነበር። «ለአንድ ቀን ነው» አለኝ። ሰፋሁለት።

ሰርጉ ላይ አንድ ሰው አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። ወንድሙ ዳርፉር የወደቀበት ሰው ነው። ሪባኑን አይቶ «እዚያ ነበርክ? እስቲ አገሩ ምን እንደሚመስል ንገረኝ» አለው። ልጁ ምን ብሎ እንደመለሰለት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ስፈታው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥፋቱ የሱ ብቻ አልነበረማ፤ ክሩ የኔ ነው።

ሕጉን ብጠቅስላችሁ አጭር ነው፤ የማይገባውን የደንብ ልብስ ወይም ኒሻን የሚለብስ ይቀጣል። እኔ ግን ሕግ ከሚያውቀው በፊት የሰርጉ ሰውዬ እንደሚያውቀው ነው የምነግራችሁ።

እናንተ መለዮ የለበሳችሁት ደግሞ፣ የወታደር ሱሪ ከሲቪል ሸሚዝ ጋር አትቀላቅሉ። ሙሉውን ልበሱ ወይም ሙሉውን አውልቁ። ቁልፉ ተከፍቶ፣ እጅ ኪስ ገብቶ፣ አፍ ውስጥ ጫት ታጭቆ (ሐረር ነን፣ አላፍርም) በመለዮ መንገድ ላይ አትታዩ። መጠጥ ቤት ካማራችሁ ቤት ገብታችሁ ቀይሩ። ለፎቶ ብላችሁ የጓደኛችሁን ማዕረግ ትከሻችሁ ላይ አታድርጉ፤ ዛሬ ስልክ ላይ የተለቀቀ ፎቶ አይፈታም፣ ምላጭ የለውም።

የአባታችሁ ሜዳልያስ? ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። በእንግሊዞች ልማድ ባለቤቱ በግራ ደረቱ ያደርጋል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በመታሰቢያ ቀን ሲያደርገው በቀኝ ነው። የሚያይ ሰው ወዲያው «የራሱ አይደለም፣ የቤተሰቡ ነው» ይላል። ጥሩ ብልሃት ነውና እኔም ለሚጠይቁኝ በቀኝ ነው የምሰፋው። አንድ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ደንበኛ ነበሩኝ። በ1943 ዓ.ም. በባቡር ድሬዳዋን አቋርጠው፣ ከጅቡቲ በመርከብ ኮሪያ የሄዱ። የሻለቃው ስም የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን ሲናገሩ እንደ ሐረር ልጅ ደረታቸውን ይነፉ ነበር። ሜዳልያቸውን ግን ሚያዝያ 27 እና የጓድ ቀብር ላይ ካልሆነ አያወጡም። ኮታቸው ላይ ማንጠልጠያ ክር ስሠራላቸው «እንዲታይ ሳይሆን እንዳይወድቅ አድርገህ ስፋው» ይሉኝ ነበር።

ስለ ምርኮኛ አንድ ነገር ላንሳ። በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት፣ አንቀጽ 18፣ የተማረከን ወታደር የማዕረግ ምልክትና ኒሻን መውሰድ ይከለክላል። ጠብመንጃው ይወሰዳል፤ ማዕረጉ አይወሰድም። ይህን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ሳነበው ትዝ ያለኝ ግንቦት 1983 ነው።

ጦሩ ተበትኖ ነበር። ሰዎች አመሻሽ ላይ ሱቄ ይመጣሉ፤ ሬንጀሩን ጥቁር ነክሬ የሥራ ልብስ እንዳደርግላቸው፣ ማዕረጉንም እንድፈታላቸው። ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። አንድ ሻለቃ ምላጩን ከእጄ ተቀብሎ የራሱን ራሱ ፈታ፤ ክሩን አንድ በአንድ። ከዚያ ምልክቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠና «አትጣለው» አለኝ።

አልጣልኩም። የሁሉንም በብስኩት ቆርቆሮ አስቀመጥኩ፣ በየስማቸው ወረቀት ጠቅልዬ። ባለፉት ዓመታት ሦስት ሰዎች መጥተው የየራሳቸውን ወስደዋል፤ አንዱ ልጁን አስከትሎ። ሻለቃው አልመጣም። ቆርቆሮው አሁንም ከመኪናዬ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ ነው፤ የልጆቹን አድራሻ የሚያውቅ ካለ ሱቄ ማታ እስከ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።