ቤተሰቦች መስቀል የተከሉበት መሬት የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሮድ አይላንድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እኅቷን ያጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 በዌስት ዋርዊክ በተቃጠለው «ስቴሽን» የምሽት ክበብ ነው። ቤተሰቦቹ ዓመታት ሙሉ መስቀል ተክለው የጠበቁት መሬት በሕግ የእነሱ አልነበረም? ለ100 ሰው ሞትስ የአራት ዓመት እስራት ፍትሕ ነው?

መልስ፦ ከቅጣቱ ልጀምር። እሳቱን ያስነሳውን ርችት የለኮሰው፣ በዚያ ምሽት የተጫወተው የሙዚቃ ቡድን የጉዞ ኃላፊ ጥፋቱን አመነ፤ የክበቡ ባለቤቶች የነበሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ደግሞ ክሱን አንከራከርም አሉ። ኃላፊውና አንደኛው ወንድም 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከዚያ ውስጥ 11ዱ ታገደላቸው። ሌላኛው ወንድም ወህኒ አልወረደም። ክሱ ሳይታሰብ ሰው መግደል እንጂ ሆን ብሎ መግደል አልነበረም። ስለዚህ ክርክር አልተካሄደም፤ የክበቡ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ እንዴት እንደ ጭድ እንደነደደ ምስክር በችሎት ቆሞ ሲናገር ሳይሰሙ ፍርዱ ለቤተሰቦቹ ተነገረ። እንደ ሕግ ባለሙያ አሠራሩን አውቀዋለሁ፤ ቁጣቸው ግን ተገቢ ነበር እላለሁ። በፍትሐ ብሔር በኩል 176 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ካሳ በስምምነት ተከፍሏል።

ወደ መሬቱ ስንመጣ መልሴ ያሳዝንዎታል፤ የእነሱ አልነበረም። የሰው ሕይወት ያለፈበት ቦታ በሐዘን ብቻ ባለቤት አይለውጥም። በሮድ አይላንድ የሌላውን መሬት በይዞታ ብዛት የራስ ለማድረግ 10 ዓመት በግልጽ፣ ሳያቋርጡና ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ መያዝን ይጠይቃል። ባለቤቱ እያወቀ ፈቅዶ የተተከለ መስቀል መቶ ዓመት ቢቆም እንኳ አይቆጠርም። ቦታውን ለሐዘንተኞቹ ያስገኘው ፍርድ ቤት ሳይሆን ስጦታ ነው፤ ባለመሬቱ እ.ኤ.አ. በ2012 መታሰቢያውን ለሚያቆመው ድርጅት ሰጠ፣ በቦታው የተሠራው የመታሰቢያ ፓርክም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ተመረቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናቶች አበባ ያኖሩ የነበረው በሰው መሬት ላይ ነበር ማለት ነው።

ባልደረባዎ በፓርኩ ላይ የምትጨምረው ነገር ካለ ፈቃድ የምትጠይቀው ከድርጅቱ ነው። እርስዎም ሆኑ ሌላ ሐዘንተኛ በግል መሬት ላይ መታሰቢያ ልታቆሙ ብትፈልጉ «ግድ የለም፣ ትከሉ» የሚለውን የባለቤት ቃል አትመኑ። ነገ ቢሸጠው ገዢው በዚያ ቃል አይገደድም። ስጦታውም ሆነ የመጠቀም መብቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰነዱም መሬቱ በሚገኝበት ከተማ ጸሐፊ ቢሮ በመሬት መዝገብ ይመዝገብ።