ጥያቄና መልስ፦ ለበግዎ የትኛው ማዕድን?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ አካባቢ ሃያ በጎች አሉኝ። በበጋ ከገብስ ጭድና ከተራቆተ ግጦሽ ሌላ የሚያገኙት የለም። ሰሞኑን አንዱ የሌላውን ጸጉር እየነጨ ያኝካል፤ አጥንት ሲቆረጥሙም አይቻለሁ። መኖ ሻጩ የከብት ማዕድን ድብልቅ አሳይቶኝ «ለበግም ይሆናል» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ጣጣው መዳብ ነው። ለላም ተብሎ የሚጨመረው መዳብ ለበግ ይበዛል፤ በግ የተረፈውን ከሰውነቱ ማስወጣት ስለማይሆንለት በጉበቱ ያጠራቅመዋል። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ምንም ምልክት ሳይታይ ያልፋል። ከዚያ ጉበቱ የያዘውን በአንድ ጊዜ ይለቀውና የዓይኑ ነጭ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ቡና ይመስላል፣ በጉም በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። እዚህ ከተደረሰ በኋላ ማዳን ከባድ ነው።

ከረጢቱ ላይ «መዳብ» ወይም «ኮፐር» የሚለውን መስመር ፈልገው ያስሉት። በኪሎ 1,500 ሚሊ ግራም የሚል ከሆነ፣ በቀን 15 ግራም የሚልስ በግ 22 ሚሊ ግራም ያህል ይወስዳል። የመንዝ በግ በቀን የሚበላው ደረቅ መኖ 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ በጭዱና በሣሩ ውስጥ ያለውን ሲጨምሩበት ከ25 ሚሊ ግራም ያልፋል፤ ያ ለበግ አደገኛ ነው። የዶሮ ፕሪሚክስም (የዶሮ መኖ ላይ የሚጨመር የማዕድንና የቫይታሚን ድብልቅ) እንደዚያው አይሆንም። «ለበግ» ተብሎ ያልተጻፈበትን፣ የይዘት ዝርዝር የሌለውን ወይም ጊዜው ያለፈበትን ይተዉት።

ጸጉር መንጨትና አጥንት መቆርጠም ብዙ ጊዜ የፎስፈረስና የጨው እጥረት ነው፤ ጭድ ሁለቱም የሉትም ማለት ይቻላል። ግን ማዕድን ከመግዛትዎ በፊት ትሉን ይመርምሩ። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልጠው ሲያዩት ከነጣ፣ ወይም ከመንጋጋው ሥር ውሃ ቋጥሮ ካበጠ፣ የጉበት ትል ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። በትል የተጎዳ ጉበት መዳብንም አይችልም።

ትሉ ከታከመ በኋላ ለሃያ በግ 2 ኪሎ አዮዲን ያለው ጨው ከ2 ኪሎ ዲሲፒ (ዳይካልሲየም ፎስፌት፣ ፎስፈረስና ካልሲየም ያለው የመኖ ዱቄት) ጋር ይቀላቅሉ። ዲሲፒ ካጡ በደንብ የተቃጠለ የአጥንት ዱቄት ይተካዋል። አጥንቱ ነጭ ሆኖ በእጅ እስኪፈረፈር ይቃጠል፤ ሲሰብሩት ውስጡ ጥቁር ከሆነ ገና ነው። ጥሬ አጥንት ፈጭቶ መስጠት አባ ሰንጋን በገዛ እጅ ወደ ቤት ማስገባት ነው፤ በፍጹም አያድርጉት።

በቀን ለአንድ በግ 10 ግራም ይበቃል፤ 4 ኪሎው ሃያ ቀን ያደርስዎታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን በ5 ግራም ጀምረው ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ይስጡ። ጨው የተጠማ በግ ሙሉ ገንዳ ካገኘ ያለ ልክ ይልሳል፤ ውሃ ከሌለው ደግሞ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። ገንዳው ጣሪያ ሥር ይሁን፤ የክረምት ዝናብ ጨውን አጥቦ ይወስዳል። እንደ ድንጋይ የጠነከረው የከብት መላሻም ለበግ አይመችም፤ ምላሱ ለስላሳ ስለሆነ መላሱን ትቶ ይነክሰዋል፣ ጥርሱም ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ለፋሲካ ሙክት አደልባለሁ። ፉርሽካ በብዛት እሰጣለሁ። አንዱ ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል። ማዕድን ስላጣ ነው?

መልስ፦ አንዱ ማዕድን በዝቶበት፣ ሌላው ጎድሎበት ነው። ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ስምንትና ዐሥር እጥፍ ይሆናል። በግ የሚፈልገው የተገላቢጦሹን ነው፤ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ሁለት እጅ ገደማ ካልሲየም። የተረፈው ፎስፈረስ ሽንት ውስጥ ጠጠር ሆኖ ቀጭኑን ቧንቧ ይዘጋል። በግልገልነታቸው የተኮላሹት ቧንቧቸው ጠባብ ሆኖ ስለሚቀር ይብሳል።

የታመመውን ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ፤ ፊኛው ከፈነዳ አይተርፍም። ፉርሽካውን ያቁሙ፣ ውሃም በግድ አይጋቱት፣ መውጫ የለውምና።

ለቀሩት በ100 ኪሎ ፉርሽካ 3 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና 1 ኪሎ ጨው ይቀላቅሉ። የዶሮ መኖ የሚያዘጋጁ ሰዎች ዱቄቱን ላይምስቶን ይሉታል። ለግንባታ የሚሸጠው የተቃጠለ ኖራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። ዲሲፒና የአጥንት ዱቄት እዚህ ቦታ የላቸውም፤ ፎስፈረሱን ይጨምሩበታል። ጓሮዎ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ካለ ቅጠሉን ይስጡ፣ ካልሲየም አለው። ከሁሉም በላይ ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ከፊታቸው አይጥፋ። በደጋው ብርድ ጠዋት የቀዘቀዘ ውሃ በጎቹ ስለሚሸሹ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል አዲስ ይቅዱላቸው።

ጥያቄ፦ አንኮበር ገበያ ቦሌ የሚባለው ከብት የሚልሰው ጨዋማ አፈር ርካሽ ነው። አሞሌና ቦሌ ብቻ ይበቃሉ?

መልስ፦ አሞሌ ጨውነቱ ጥሩ ነው፤ አዮዲን ግን አልተጨመረበትም። የጎመን ዘር ፋጉሎ የሚበሉ እርጉዝ በጎች ካሉዎት አዮዲን ያለውን የወጥ ቤት ጨው ይምረጡ፤ አለበለዚያ አንገቱ ያበጠ ግልገል ሊወለድ ይችላል። ቦሌ ይዘቱ እንደ መጣበት ቦታ ይለያያል፣ የፎስፈረስ ምንጭም አይደለም። በጎቹ ስለወደዱት ብቻ በቂ ነው አይበሉ፤ ጨውነቱን ነው የሚወዱት።