ስለ አድቬንቸር ጌም ዋና ገፀ ባህሪ ጠይቁኝ

ጠቅታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የማወራው ጠቅ እያደረግን፣ ዕቃ እየለቀምን፣ ያገኘነውን ሰው እያናገርን እንቆቅልሽ ስለምንፈታበት ጌም ነው። አደራ፣ የጀግናችሁን አሥር ገጽ የሕይወት ታሪክ አትላኩልኝ። አላነብም።

ባለ ሎተሪ፦ ሳቢ ገፀ ባህሪ እንዴት ይፈጠራል?

ጠቅታ፦ በጣም ሰፊ ነው። አጥብበህ ና።

ቡና ቁርስ፦ የኔ ጀግና የመርካቶ ኩሊ ነው። ማንነቱን የት ላይ ላሳይ? መግቢያው ላይ?

ጠቅታ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! መግቢያውን ተጫዋቹ ይዘለዋል። ማንነቱ የሚታየው እምቢ ሲል ነው። አስበው፣ ተጫዋቹ ዳቦውን በሩ ላይ ይሞክራል፣ መጥረጊያውን ዘበኛው ላይ ይሞክራል። አብዛኛው ሙከራ አይሳካም። ስለዚህ ጀግናህ ከምንም በላይ የሚናገረው "ይሄ አይሆንም" የሚለውን ነው። ሁሌ በአንድ ቃል ካለው ሞተ ማለት ነው።

ያንተ ኩሊ የተቆለፈ በር ፊት ቆሞ ምን ይላል? "ተቆልፏል" ማንም ይላል። "ይሄን በር ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን ትከሻዬ ያውቀዋል፤ በግፊያ አይከፈትም" ቢልስ? ሥራው አለ፣ ኩራቱ አለ፣ ፍንጩም አለ። ሃያ እንዲህ ያለ መስመር ጻፍ። ግማሹን ሌላ ሰው ሊለው የሚችል ከሆነ ገና ነህ።

መንኪ አይላንድን (እ.ኤ.አ. 1990) የተጫወተ ያውቃል። ጀግናው ጋይብራሽ ትሪፕውድ ገና ሲመጣ የባህር ወንበዴ መሆን እፈልጋለሁ ይላል። ችሎታህ ምንድን ነው ሲባል ደግሞ ለ10 ደቂቃ ትንፋሼን መያዝ እችላለሁ። ጉራ ትላለህ። በኋላ ከከባድ ጣዖት ጋር አስረው ባህር ውስጥ ይጥሉታል። ሰዓቱ የምር ይቆጥራል። 10 ደቂቃ ቁጭ ካልክ ይሞታል። ጉራው የጌሙ ሕግ ሆኖ አረፈ!

ፒክስል ነኝ፦ ስም እንዴት ልምረጥ?

ጠቅታ፦ እዚህ ላይ ጊዜ አትፍጅ። ጋይብራሽም ስሙን ያገኘው ከሥዕል ፋይል ነው። ስም ስላልነበረው "ጋይ"፣ ማለትም ሰውዬው፣ ይሉት ነበር። ሠዓሊው ስቲቭ ፐርሴል ፋይሉን ሲያስቀምጠው "ብራሽ"፣ ማለትም ብሩሽ፣ ተጨመረበት። በቃ።

እንቆቅልሽ፦ የግድ መናገር አለበት እንዴ? ሚስት እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ጀግናው ስምም ድምፅም አልነበረውም። ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ድረስ በኮምፒውተር ጌም ሽያጭ የሚደርስበት አልተገኘም።

ባለ ሎተሪ፦ ሚስት ወጣች? ወዴት?

ቡና ቁርስ፦ ሃሃ። ዝም ያለው እንግዲህ ባልየው ነው።

ጠቅታ፦ ጨረሳችሁ? ሚስት (Myst) የጌም ስም ነው። እዚያ ጌም ላይ ገፀ ባህሪው ደሴቱ ነው። እንደዚያ ያለ ደሴት መሥራት ከቻልክ ጀግናህን ዝም አሰኘው።

ሰባራ ጆይስቲክ፦ ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት መምረጥ እንዲችል ፈልጌ ነበር።

ጠቅታ፦ ይሄ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ተራኪው "በሩን ከፈትክ" ካለ "ከፈትሽ" የሚልም ያስፈልግሃል። ጽሑፉ እጥፍ ሆነ። ጀግናው ራሱ ሲናገር ግን "ከፈትኩ" ነው፣ ወንድም ሴትም ይለዋል። ስለዚህ ተራኪ አታስገባ፣ ጀግናው ስለ ራሱ ያውራ። የሚቀርህ ሌሎች እሱን ወይ እሷን የሚጠሩበት ነው፤ "ና" እና "ነይ"። እሱን ተቀምጠህ ሁለት ጊዜ ትጽፋለህ።

ፒክስል ነኝ፦ ሁሉም "እርስዎ" ቢሉትስ? አንድ ጊዜ ብቻ እንጽፋለን።

ቡና ቁርስ፦ ኩሊን ማን ነው እርስዎ የሚለው?

እንቆቅልሽ፦ እኛ ወሎ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ኩሊም ቢሆን አንቱ ነው።

ቡና ቁርስ፦ የኔው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ደግሞ መርካቶ ነው ያልኩት።

እንቆቅልሽ፦ መርካቶ ወሎዬ የለም?

ጠቅታ፦ ተዉ እንጂ! አንቱታን ጽሑፍ ለመቆጠብ አታባክኑት። ነጋዴው መጀመሪያ "አንተ" ሲለው ከርሞ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ "እርስዎ" ቢለው ተጫዋቹ አንድ ነገር እንደተለወጠ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የኔታ፦ ጀግናዬ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉን ነገር ረስቶ ይነቃል...

ጠቅታ፦ አይ።

ፒክስል ነኝ፦ በየትኛው ሶፍትዌር ልሥራ?

ጠቅታ፦ ፊደላችንን አስተካክሎ በሚያሳይ። ሌላውን ሌላ ጠይቅ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ሳቢ ገፀ ባህሪ እንዴት ነው የሚፈጠረው? የጀግናዬን የሕይወት ታሪክ ጽፌያለሁ፣ 14 ገጽ ነው፣ ልላክ?

ጠቅታ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። እንዳትልክ።

ቡና ቁርስ፦ አንዱን ጻፍኩ። ተጫዋቹ የመጋዘኑን ውሻ ሲነካው፦ "ቡችላ እያለ በካርቶን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ግን ረስቶኛል።"

ጠቅታ፦ አሁን መጣህ! አሥራ ዘጠኝ ቀረህ።